ከምስክር ወረቀቱ በፊት ያንን ሳጥን ፈልጊው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በሃርድዌርና ኔትወርክ ሙያ ደረጃ 4 ጨርሻለሁ፤ የብቃት ምዘናውንም አልፌያለሁ። አሁን ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። አንድ ማሠልጠኛ ተቋም በሁለት ወር ሲሲኤንኤ የሚባለውን የኔትወርክ ሙያ ትምህርት አሠልጥኖ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጥና ፈተናውንም እንደሚያሳልፍ ይናገራል። ክፍያው የሦስት ወር ደመወዜ ነው። ሰባቱን የኦኤስአይ ደረጃዎች በቃሌ አውቃለሁ። ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ሲበላሽ አጥፍቶ ከማብራት ሌላ የማደርገው የለኝም። ከ22 ኮምፒውተሮች ጠዋት ላይ ግማሾቹ ይሠራሉ፣ ግማሾቹ አይሠሩም፤ በማግሥቱ ደግሞ የሚቆሙት ሌሎቹ ናቸው። በማይሠሩት ላይ አድራሻው በ192.168.1 ይጀምራል፤ በሚሠሩት ላይ በ192.168.100። ሒሳብ አይሆንልኝም፤ የራሴ ኮምፒውተርም የለኝም። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ክፍያው የምለው አለኝ፤ ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን በመሐል ጠቅሰሽ ያለፍሻቸው ሁለቱ ቁጥሮች ናቸው። 192.168.1 እና 192.168.100። ዲግሪ የያዘ ሰው እንኳ ይህን ልዩነት ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል። አንቺ አይተሽዋል፣ ጽፈሽዋልም። የጎደለሽ ትርጉሙን የሚነግርሽ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ገንዘቡን አሁን አትክፈይ። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ብልሽት ራስሽ ፈልገሽ አግኚው። መንገዱን እዚሁ እነግርሻለሁ። ያን ጊዜ የትኛው ሥልጠና ገንዘብሽን እንደሚገባው ለመለየት ማንም አያስፈልግሽም።

ብልሽቱን እንመልከተው። ኮምፒውተር ሲበራ አድራሻ የለውም። ማንንም አያውቅም፤ መውጫው በር የት እንደሆነም አያውቅም። ኮየ ፈጬ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ተከራይ ግቢው መሐል ቆሞ «የቤት ቁጥር የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ እንደሚጣራ አስቢው። የብሎኩ ኮሚቴ «14 ቁጥርን ውሰድ» ይለዋል። ተከራዩ «እሺ፣ 14ን ወስጃለሁ» ብሎ ሁሉም እንዲሰማ ያስታውቃል። ኮሚቴው ደግሞ «ጸድቆልሃል፤ እስከዚህ ቀን ድረስ ያንተ ነው፤ መውጫው በር በዚያ በኩል ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ዲኤችሲፒ የሚባለው ፕሮቶኮል፣ የመሣሪያዎች መግባቢያ ሕግ፣ ይህ ነው፤ ከአራት መልእክት አይበልጥም። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን ዛሬ የምንሠራበትን መልክ የያዘው በ1997 ነው።

አሁን በዚያው ግቢ ውስጥ ራሱን የሾመ ሌላ ኮሚቴ አለ እንበል። አዲሱ ሰው ሲጣራ ሁለቱም ይሰሙታል፤ ሁለቱም ይመልሳሉ። ተከራዩ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የደረሰውን መልስ ይቀበላል። ሕጋዊው ማን እንደሆነ የሚጠይቅበት መንገድ በፕሮቶኮሉ ውስጥ አልተሠራለትም። ሁለተኛው ኮሚቴ ቁጥር ይሰጠዋል፤ «መውጫው በር እኔ ነኝ» ይለዋል። ከበሩ ማዶ ግን መንገድ የለም።

ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ የሆነው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በ192.168.100 የሚጀምረውን አድራሻ የሚያድለው ኢንተርኔቱን ከውጭ የሚቀበለው የፋይበሩ ሳጥን መሆን አለበት፤ ብዙ የሁዋዌ የፋይበር ሳጥኖች ከፋብሪካ ሲወጡ 192.168.100.1 ተሰጥቷቸው ነው የሚመጡት። 192.168.1 ደግሞ የብዙ ትንንሽ የቤት ራውተሮች፣ ኢንተርኔቱን ለብዙ መሣሪያ የሚያካፍሉት ሳጥኖች፣ የፋብሪካ ቁጥር ነው። አንድ ሰው፣ ምናልባት በርዕሰ መምህሩ ወይም በሒሳብ ክፍሉ ቢሮ ዋይፋይ እንዲደርስ ብሎ፣ ራውተር ገዝቶ ከግድግዳው ገመድ ጋር አገናኝቶታል። ገመዱን የሰካው ግን ዋን ተብሎ በተጻፈበት፣ ወደ ውጭ በሚያወጣው ቀዳዳ ሳይሆን ላን ከተባሉት፣ ለውስጥ መሣሪያዎች ከሆኑት በአንዱ ነው። ስለዚህ ራውተሩ ለመላው ትምህርት ቤት አድራሻ ማደል ጀምሯል። የራሱ መውጫ ቀዳዳ ባዶ ስለሆነ ከእርሱ አድራሻ የወሰደ ኮምፒውተር ሁሉ መንገድ የሌለው በር ላይ ይቆማል። ሁሉንም አጥፍተሽ ስታበሪ እሽቅድምድሙ እንደገና ይጀመራል፤ አሸናፊው ይቀያየራል፤ የሚሠሩትና የማይሠሩትም ይቀያየራሉ። ማጥፋትና ማብራት አንዳንድ ቀን የረዳሽ በዕድል ነበር ማለት ነው።

እዚህ ውስጥ ሰባቱን ደረጃዎች በቃል ማወቅ የሚጠቅምሽ የት ላይ እንደሆነ ተመልከቺ። ብዙም የለም። የኔትወርክን ሥራ በሰባት ደረጃ የሚከፍለው የኦኤስአይ ሞዴል በዓለም አቀፍ ደረጃ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። የኢንተርኔት እናት የሆነው አርፓኔት ግን ከዚያ በፊት፣ ጥር 1 ቀን 1983 እ.ኤ.አ.፣ ወደ ቲሲፒ አይፒ፣ ወደ ሌላ የመግባቢያ ሕግ፣ ተሸጋግሮ ነበር። ኢንተርኔት የቆመው በዚህ ላይ ነው። ሰባቱ ደረጃዎች ባለሙያዎች እርስ በርስ የሚግባቡባቸው ቃላት ናቸው፤ «ችግሩ ሁለተኛው ላይ ነው» ሲባል ሁሉም ይረዳል። ከዚህ በላይ አትጠብቂባቸው። ከቃሊቲ እስከ ኮየ ፈጬ ያሉትን ፌርማታዎች በቃሉ የሚዘረዝር ሰው አውቶቡሱ መንገድ ላይ ሲቆም ሞተሩን ሊያስነሳ አይችልም።

ለሥራ የሚያመለክቱ ወጣቶችን የመፈተን ኃላፊነት ካለብኝ ዓመታት አልፈዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ላፕቶፕ፣ ብዙ ገመዶችን የሚያገናኝ አንድ ስዊች፣ አንድ ራውተርና ሆን ብዬ ያበላሸሁት መረብ (ኔትወርክ) አስቀምጥና «ድረ ገጽ አይከፍትም፤ ፈልግ» እላለሁ። የማየው እጃቸውን ነው። ያለ ጥያቄ ማጥፊያውን የሚነካ አለ። ወዲያውኑ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ አለ። ጥቂቶች ደግሞ መጀመሪያ አድራሻውን ያያሉ፤ ከዚያ ወደ መውጫው በር ፒንግ፣ «አለህ?» የሚል አጭር መልእክት፣ ይልካሉ፤ ከዚያ ውጭ ወዳለ ቁጥር ለምሳሌ ወደ 8.8.8.8፤ በመጨረሻ ወደ ስም። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልመለሰ ገመዱ ደህና ነው፤ የተበላሸው ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ ነው። በሩም ካልመለሰ ችግሩ ግቢው ውስጥ ነው። ፒንግን የሚዘጉ ቦታዎች ስላሉ አንድ ዝምታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖም በዚህ ቅደም ተከተል የሚሄድ ሰው ግማሹን ሥራ በሁለት ደቂቃ ጨርሷል። እነዚህን ጥቂቶች የምስክር ወረቀታቸውን ሳላይ እቀጥራቸዋለሁ።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ትልቅ መጋዘን «መረቡ ሞቷል» ተብዬ ተጠራሁ። ሒሳብ አይሠራም፤ ካሜራው ቆሟል፤ ስልኩ ዝም ብሏል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰርቨሩን ሳነሣና ስጥል ቆየሁ፤ የፋይበሩን አቅራቢም ደወልኩለት። በመጨረሻ ስዊቹ ፊት ቁጭ ብዬ መብራቶቹን ስመለከት ሁሉም በአንድ ላይ፣ ያለ እረፍት፣ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላሉ። ያኔ ገባኝ። ከጠረጴዛ ሥር አንድ ጫፉ የተንጠለጠለ ገመድ ያየ ሠራተኛ፣ ቦታው የተስተካከለ እንዲመስል ብሎ፣ በአቅራቢያው ባለ ቀዳዳ ሰክቶት ነበር። ገመዱ ከአንድ ስዊች ወጥቶ ወደዚያው ስዊች ተመልሷል። «ሁላችሁም ስሙ» የሚል አንድ መልእክት ገብቶ ያንን ቀለበት እየዞረና እየተባዛ መረቡን አጨናነቀው። ገመዱን ነቀልኩት፤ በአምስት ሴኮንድ ውስጥ ሁሉም ነገር ተነሣ።

ለዚህ ዓይነቱ ቀለበት መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1985 ተገኝቷል። ራዲያ ፐርልማን የተባለች ኢንጂነር የሠራችው ስፓኒንግ ትሪ የሚባል ፕሮቶኮል ቀለበቱን ራሱ አግኝቶ አንዱን መንገድ ይዘጋዋል። የመጋዘኑ ስዊች ርካሽ ስለነበር አልነበረውም። እኔ ደግሞ ስለ ፕሮቶኮሉ ተምሬ ፈተናም አልፌ ነበር፤ ቀለበት ሲፈጠር መብራቱ ምን እንደሚመስል ግን ማንም አሳይቶኝ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስተምራቸውን ሁሉ መጀመሪያ ቀለበት አሠራቸዋለሁ። በዓይናቸው ይዩት፤ በእጃቸው ይንቀሉት።

እዚህ ላይ ስለ ክፍያው ልናገር፤ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። ሲሲኤንኤ የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ የሲስኮ ኩባንያ የምስክር ወረቀት ነው። ማሠልጠኛው የሚሰጥሽ ወረቀት በማሠልጠኛው ስም የታተመ የተሳትፎ ማረጋገጫ እንጂ ሲሲኤንኤ አይደለም። ዋናው ፈተና ለብቻው ይከፈልበታል፤ ዋጋው ታክስ ሳይጨምር 300 የአሜሪካ ዶላር ነው። የሚፈጀው 120 ደቂቃ ሲሆን ካለፍሽ በኋላ የሚያገለግልሽ ለሦስት ዓመት ነው። ለመፈተን ቀድሞ የተያዘ ወረቀት አይጠየቅም፤ ከማሠልጠኛ መምጣትም ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ስትሄጂ መጀመሪያ የምትጠይቂው «የፈተናው ክፍያ በዚህ ውስጥ አለ ወይ?» ብለሽ ነው። መልሱ በጽሑፍ ይሁንልሽ።

«ፈተናውን እናሳልፋለን» የሚለው ቃል ደግሞ ያስፈራኛል። አንዳንድ ቦታ ይህ ማለት የተሰረቁ የፈተና ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ማስሸምደድ ማለት ነው። ከታወቀ ሲስኮ ወረቀቱን ይሰርዛል። ሳይታወቅ ቢቀር እንኳ የባሰ ጉዳት አለው፤ አንድ ቀን ሆስፒታል ወይም ባንክ ውስጥ መረብ ቆሞ ሁሉም አንቺን ሲያይሽ የሸመደድሽው ጥያቄ አይመጣም። በልጆቻችን ላይ ከሚሠራው በደል ይህ አንዱ ነው እላለሁ፤ ገንዘባቸውን ብቻ ሳይሆን በራሳቸው ላይ ያላቸውን እምነት ይወስድባቸዋል።

ይህን ስል ሲሲኤንኤን እያጣጣልኩት እንዳይመስልሽ። በደንብ የተቀናበረ ትምህርት ነው። አሁን ያለው 200-301 የሚባለው ፈተና ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ነው፤ ትልቁን ድርሻ፣ 25 በመቶውን፣ የሚይዘው አንድ ፓኬት፣ የመልእክት እሽግ፣ ከአንድ መረብ ወደ ሌላው እንዴት መንገዱን እንደሚያገኝ የሚጠይቀው ክፍል ነው። የአንቺ ትምህርት ቤት ብልሽትም እዚያ ውስጥ አለ፤ በደኅንነቱ ክፍል ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የሚባል ትምህርት አለ። ስዊቹን «አድራሻ ማደል የተፈቀደለት በዚህ ቀዳዳ ላይ ያለው ብቻ ነው» ብለሽ ታዢዋለሽ፤ ራሱን የሾመው ኮሚቴ ቢናገርም የሚሰማው የለም። መረብ የሚዘረጉ ድርጅቶች ደግሞ ጨረታ ላይ የሠራተኞቻቸውን ወረቀት ስለሚጠየቁ ሲሲኤንኤ ያለውን ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ ቀን ትወስጂዋለሽ። ጥያቄው ቅደም ተከተሉ ነው።

ማሠልጠኛውን ቅዳሜ ትምህርት እየተሰጠ ሳለ ሂጂና ክፍሉ ውስጥ ልቀመጥ በይ። ካልፈቀዱ ተመለሺ። ከፈቀዱ የአሠልጣኙን ፊት ሳይሆን የሠልጣኞቹን እጅ እዪ። ገመድ የያዘ አለ? ወይስ ሁሉም በፕሮጀክተር የሚታየውን እየገለበጠ ነው? መደርደሪያው ላይ ያሉት መሣሪያዎች በርተዋል ወይስ አቧራ ለብሰዋል? አሠልጣኙን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ «ሆን ብለህ መረቡን አበላሽተህ ሠልጣኞቹን የምታስፈልጋቸው ስንት ጊዜ ነው?» ጥያቄው ግራ ካጋባው መልስሽን አግኝተሻል። ዓይኑ በርቶ ስላበላሸው ነገር መናገር ከጀመረ፣ ክፍሉ ጠባብ ወንበሩም አሮጌ ቢሆን እርሱ ጋር ተመዝገቢ።

ሒሳብ አይሆንልኝም ላልሽው፣ እዚህ ሙያ ውስጥ የሚያስፈልግሽ ሒሳብ እጥፍ ማድረግና ግማሽ ማድረግ ነው። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128፣ 256። ይህን ካወቅሽ ሁሉንም አውቀሻል። ሰብኔት የሚባለውና ሠልጣኞች የሚፈሩት ነገር እኛ የከተማ ዳር ሰዎች በደንብ የምናውቀው የመሬት ሽንሸና ነው። 192.168.100.0 ከኋላው /24 ሲጻፍበት 256 ካሬ ያለው አንድ ቦታ ነው በይ። ለሁለት ስትሸነሽኚው እያንዳንዱ 128 ይሆንና ምልክቱ /25 ይሆናል፤ እንደገና ስትከፍዪው 64 ሲሆን ምልክቱ /26። ቁጥሩ በአንድ በጨመረ ቁጥር ቦታው በግማሽ ያንሳል። ከእያንዳንዱ ይዞታ ሁለት ካሬ ቤት አይሠራበትም፦ የመጀመሪያው ቁጥር የይዞታው መጠሪያ ነው፤ የመጨረሻው በይዞታው ያሉትን ሁሉ መጥሪያ ነው። ስለዚህ ከ64ቱ ለመሣሪያ የሚሆነው 62 ነው።

አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ ሠልጣኞች የሚስቱትም እርሱን ነው። የወሰን ድንጋይ በፈለግሽበት አይተከልም። የ64 ይዞታ የሚጀምረው 0፣ 64፣ 128 ወይም 192 ላይ ብቻ ነው፤ 50 ላይ መጀመር አይችልም። አንድ ምሳሌ አብረን እንሥራ። ለኮምፒውተር ክፍሉ 40 አድራሻ፣ ለቢሮዎቹ 20፣ ለካሜራዎቹ 9 ያስፈልጋል እንበል። ከትልቁ ጀምሪ። 40ን የሚችል ትንሹ ይዞታ 64 ነው፤ ከ0 እስከ 63 ለኮምፒውተር ክፍሉ። 20ን የሚችል 32 ነው፤ ከ64 እስከ 95 ለቢሮዎቹ። 9ን የሚችል 16 ነው፤ ከ96 እስከ 111 ለካሜራዎቹ። ከ112 በኋላ ያለው ለወደፊት ይቀመጣል። ከትንሹ ጀምረሽ ሞክሪው፤ በመሐል የባከነ መሬት ታገኛለሽ። ይህን በደብተር ላይ፣ በእርሳስ፣ በሌሎች ቁጥሮች ሃያ ጊዜ ሥሪው። ከዚያ በኋላ ፈተናው ላይ ይህ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይልሻል።

ከመጽሐፉ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር፤ በእውነተኛ ትምህርት ቤት እንዲህ አጥብቀሽ መሸንሸን አያስፈልግሽም። ለውስጥ አገልግሎት የተተወው አድራሻ ሰፊ ነው፤ በ10 የሚጀምረው ብቻ ከ16 ሚሊዮን በላይ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ሙሉ 256 ብትሰጪ ማንም አይጎዳም። ቁጠባው የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ላይ በሚታየው በሕዝባዊ አድራሻ ላይ ነው፤ የአይፒ አራተኛው እትም ጠቅላላ አድራሻ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ሲሆን የዓለም ማዕከላዊ ክምችቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 አልቋል። ደግሞም ቁጥሩን መከፋፈል ብቻውን ሰዎቹን አይለያቸውም። ገመዱ አንድ ከሆነ ሁሉም ይሰማማሉ። በመካከላቸው አጥር የሚያቆመው ቪላን፣ አንዱን ስዊች እንደ ብዙ ስዊች የሚከፍለው አሠራር፣ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ትእዛዝ የሚቀበል ስዊች ያስፈልጋል።

ኮምፒውተር የለኝም ብለሻል፤ 22 አሉሽ። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅደሽ ከትምህርት ሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ተቀመጪ። የሲስኮ ፓኬት ትሬሰር በነፃ ይገኛል፤ ራውተርና ስዊች በስክሪን ላይ እያገናኘሽ ትለማመጂበታለሽ። ዋየርሻርክም ነፃ ነው፤ እርሱን ከሁሉም አብልጬ እመክርሻለሁ። በተጫነበት ኮምፒውተር ገመድ ላይ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ፓኬት ይገልጥልሻል። እርሱን ከፍተሽ የዚያኑ ኮምፒውተር አድራሻ ስታስለቅቂና እንደገና ስታስጠይቂ እነዚያን አራት የዲኤችሲፒ መልእክቶች በዓይንሽ ታያቸዋለሽ። በአንቺ ትምህርት ቤት ደግሞ ከአንድ «ውሰድ» ይልቅ ሁለት «ውሰድ» ታያለሽ። ያን ቀን የሚሰማሽን ደስታ ከአሁኑ አውቀዋለሁ።

ከዚያ የቀረው የእጅ ሥራ ነው። መርካቶ ሄደሽ የገመድ ጫፍ መቆንጠጫ፣ አንድ ፍሬ የገመድ መፈተሻ (ቴስተር)፣ ጥቂት ሜትር ገመድና ጫፎች ግዢ። ስትገዢ የገመዱን ሽቦ በቢላ ፋቂው። ከላይ ቀይ ሆኖ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ለልምምድ ይሁንልሽ እንጂ የኤሌክትሪክ ኃይሉን በገመዱ በኩል ለሚያገኝ ካሜራ እንዳትጠቀሚበት። ስምንቱን ቀለማት እንዲህ ደርድሪ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ጥንዶቹ የተጠማዘዙት አንዱ የሌላውን ጩኸት እንዲያጠፋ ነውና ጫፉ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ አትፍቺያቸው። ከስዊች እስከ መሣሪያ 100 ሜትር አትለፊ።

አንድ ልማድ እለምንሻለሁ። የተማርሽውን ሁሉ ለአንድ ሰው በአማርኛ አስረጂው፤ ለእናትሽ፣ ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ። በማሠልጠኛዎቻችን የእንግሊዝኛው ቃል እንደ ጸሎት ይደገማል፤ ትርጉሙ ሲጠየቅ ደግሞ ያው ቃል ይደገማል። በራስሽ ቋንቋ ማስረዳት ካልቻልሽ ነገሩን ገና አልያዝሽውም። ለማንበብ ሲሆን ግን እንግሊዝኛውን አትሽሺው። አርኤፍሲ የሚባሉት የኢንተርኔት መሠረታዊ ሰነዶች በነፃ ይገኛሉ። አይፒ እ.ኤ.አ. በ1981 በቁጥር 791 ተጽፏል፤ አንድ መሣሪያ የጎረቤቱን አድራሻ የሚጠይቅበት አርፕ ደግሞ በ1982 በቁጥር 826። ሁለተኛው ጥቂት ገጽ ነው። ከስላይድ ስላይድ ተገልብጦ የደረሰሽን ከመሸምደድ ምንጩ ላይ ሄደሽ ጠጪ።

ሲከብድሽ ደግሞ ይህን አስታውሺ። ጥቅምት 29 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ከሎስ አንጀለስ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው መልእክት በአርፓኔት ሲላክ ሊጻፍ የታሰበው ባለ አምስት ፊደል የመግቢያ ቃል ነበር። ሁለት ፊደል እንደተላከ ሲስተሙ ወደቀ። መረብና ብልሽት በአንድ ሌሊት አብረው ተወልደዋል። እነዚያ ሰዎች ምክንያቱን ፈልገው አግኝተው በዚያው ምሽት ሙሉውን ቃል ላኩ።

እንግዲህ ወደ ሳጥኑ። ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ጀምሪ። የፋይበሩን ሳጥን ተመልከቺ፤ ሎስ የተባለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ከውጭ አልደረሰም፤ አቅራቢው ጋር ደውይ እንጂ ውስጥ አትልፊ። ቀይ ካልሆነ ወደማይሠራ አንድ ኮምፒውተር ሂጂ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈቺና አይፒኮንፊግ የሚለውን ትእዛዝ ኦል ከሚለው ቃል ጋር (ipconfig /all) ጻፊ። ዲኤችሲፒ ሰርቨር ከሚለው መስመር ፊት ያለውን ቁጥር ደብተርሽ ላይ ገልብጪ፤ 192.168.1.1 ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ። ወደዚያ ቁጥር ፒንግ ላኪ። ቀጥለሽ አርፕ የሚለውን ትእዛዝ ከኤ ፊደል ጋር (arp -a) ስትጽፊ የዚያን ሳጥን ማክ አድራሻ፣ ከፋብሪካ የተሰጠውን መለያ፣ ታገኛለሽ፤ 12 ምልክቶች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ የአምራቹን ማንነት ይነግሩሻል፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልገሽ የኩባንያውን ስም አውጪ። አሁን የምትፈልጊው የየትኛውን ኩባንያ ሳጥን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ከዚያ ያንን ፒንግ ሳያቋርጥ እንዲቀጥል ቲ የሚለውን ፊደል (-t) ጨምረሽ አስጀምሪውና ስክሪኑን ስዊቹ ጋር ሆነሽ በሚታይሽ አቅጣጫ አዙሪው። የኮምፒውተሩን ገመድ አትንኪ። ሌሎቹን ገመዶች አንድ በአንድ ንቀዪ፤ ሁለት ሴኮንድ ጠብቂ፤ መልሱ ካልቆመ መልሺው። መልሱ የቆመበት ገመድ ወደ ሳጥኑ የሚወስደው ነው። ገመዱን በእጅሽ እየዳበስሽ ተከተዪው፤ በጣሪያ ሥር ሊያልፍ ይችላል፤ መጨረሻው ቁም ሣጥን ላይ ወይም ከጠረጴዛ ሥር ነው። የሳጥኑን ጀርባ ገልብጠሽ ወረቀቱ ላይ ያለውን ማክ አድራሻ ደብተርሽ ላይ ካለው ጋር አስተያዪ፤ የመጨረሻው ምልክት በአንድ ቢለያይ አትደንግጪ፤ ያው ነው።

ስታገኚው ነቅለሽ አትውሰጂው። ሰው ዋይፋይ ፈልጎ ነው ያስቀመጠው፤ ከነቀልሽው በማግሥቱ ሌላ ይመጣል። ባለቤቱን ጥሪና ምን እንዳጋጠመ በትሕትና አስረጂ። ከዚያ ወደ ማስተካከያ ገጹ ገብተሽ አድራሻውን የፋይበሩ ሳጥን ከሚያድለው ክልል ውጪ ወዳለ በ192.168.100 ወደሚጀምር ቁጥር ቀይሪው፤ ዲኤችሲፒውን አጥፊ፤ ገመዱን ላን ላይ እንዳለ ተዪው። የፋይበሩ ሳጥን መላውን ክልል የሚያድል ከሆነ መጀመሪያ ክልሉን አሳጥሪ፤ የይለፍ ቃሉ ከሌለሽ አቅራቢውን ጠይቂ። ከዚህ በኋላ ያ ራውተር ዋይፋይ ማሠራጫ ብቻ ይሆናል። ሃያ ሁለቱንም ኮምፒውተሮች አንዴ አጥፍተሽ አብሪና የሁሉንም አድራሻ በየተራ እዪ። ሁሉም በ192.168.100 ከጀመሩ ወረቀት ቁረጪና አዲሱን አድራሻ፣ ቀኑንና ስምሽን ጽፈሽ ሳጥኑ ላይ ለጥፊ።